ስኳር ያለበት ልጅ ሲጨነቅ ስልኩን ማን ያነሳል?

በባሌ ገጠር ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል። ሮቤ ወይም ጎባ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ በሶውንና ቆሎውን ከቤት ይዞ ይመጣል፤ ውሃ መቅዳቱም ሻይ ማፍላቱም በተራ ነው። ኑሮው ለጤነኛ ልጅም አይቀልም። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ላለበት ልጅ ደግሞ እያንዳንዷ ተራ ነገር ሌላ ጣጣ አላት። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ኢንሱሊን መወጋት አለበት፤ ጓደኞቹ እንዳያዩት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይወጋል። ከተወጋ በኋላ መብላት ግዴታው ነው፤ ግን ውሃ የመቅዳት ተራው የእሱ ነበርና ቁርሱ አለፈው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መምህሩ የሚናገረው ከሩቅ ይሰማዋል። ስኳሩ ወርዷል። ከረሜላ ወይም ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢያገኝ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ልቡ ይመለስ ነበር። ክፍል ውስጥ ለመብላት ግን ምክንያቱን መናገር ሊኖርበት ነው፤ ምክንያቱን ከተናገረ ደግሞ ሁሉም ሊያውቅበት ነው። ስለዚህ ዝም ይላል። ማታ፣ ያ ነገር ነገም እንዳይደገምበት ፈርቶ፣ የታዘዘለትን ግማሽ ይወጋል። ስኳሩ ይወጣል፤ ሌሊቱን ለሽንት ሲመላለስ ያድራል።

ለቀጠሮው ሲቀርብ “መርፌህን በትክክል ትወስዳለህ?” ተብሎ ይጠየቃል። “አዎ” ይላል። ስኳሩ ሲለካ 380 ይሆናል፤ ከልክ በላይ ነው። ቁጣ ይከተላል፤ ካርዱ ላይ “ሕክምናውን በአግባቡ አይከታተልም” ይጻፍበታል። ልጁ ለምን ግማሹን እንደሚወጋ የጠየቀው ሰው የለም።

ይህን ዓይነቱን ልጅ የሕክምናው ዓለም ካወቀው ቆይቷል። ዓይነት አንድ ስኳር ባለባቸው ጎረምሶች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ተመራማሪዎች ከሦስት አንድ የሚሆኑት ከበሽታው ጋር በየቀኑ መኖር የሚያመጣው ከባድ ጭንቀት እንዳለባቸው አሳይተዋል። ይህ ጭንቀት ከድብርት ይለያል። በድብርት የተያዘ ሰው ሁሉም ነገር ያስጠላዋል፤ ይህ ልጅ ግን ኳሱንም ጓደኞቹንም ይወዳል፣ የሰለቸው መርፌው፣ ልኬቱ፣ ተግሳጹና ነገ ምን ይመጣብኝ ይሆን የሚለው ስጋት ነው። በዚያ ላይ ዕድሜው ራሱ ያግዝበታል። በጉርምስና ጊዜ የሚጨምሩት ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ጉልበት ስለሚቀንሱ አምና የበቃው መጠን ዘንድሮ አይበቃም። መርፌውን ትወጋለት የነበረችው እናትም “አሁን አድገሃል” ብላ እጇን የምትሰበስበው በዚያው ሰሞን ነው። ልጁ ከተማ ገብቶ ቤት ከተከራየ ደግሞ ጭራሽ አጠገቡ የለችም። ስለ ሕፃናትና ጎረምሶች ስኳር የሚወጡ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የልጁ ስሜት እንደ ደሙ ስኳር በየጊዜው እንዲጠየቅ የሚያዝዙት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ማን ይጠይቀው የሚለው ላይ ስንደርስ ከባድ ይሆናል። በዓለም የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚሁ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መድኃኒቱ ከተገኘ 81 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ልዩ ሙያውን የሚፈልግ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ዛሬ ቁጥራቸው ጨምሯል፤ የሚበዙት ግን አሁንም አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ናቸው። ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለጎረምሳ ስኳር ታማሚ ብቻ የሚመደብ የሥነ ልቦና ባለሙያ በየወረዳው እስኪገኝ እንጠብቅ ብንል የዛሬዎቹ ልጆች አርጅተው ያልቃሉ። ስልክ ተስፋ የተጣለበት ከዚህ የተነሳ ነው። ተስፋው መሠረት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የሚሠራው በምን ዓይነት ስልክ፣ በማን ድምፅ፣ ከጀርባው ምን ተዘጋጅቶ ሲገኝ እንደሆነ ሳይጣራ መተግበሪያ ለመሥራት የሚደረገው ጥድፊያ ያሳስበኛል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ከ20 ዓመት በፊት ስኮትላንድ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ነው። “ስዊት ቶክ” ይባላል። ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውና ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 18 የሆኑ 92 ልጆች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተለመደውን የኢንሱሊን ሕክምና ብቻ ቀጠለ። ሁለተኛው በዚያው ሕክምና ላይ የሚያበረታታና የሚያስታውስ አጭር መልእክት በስልኩ ይደርሰው ጀመር። ሦስተኛው መልእክቱም ደረሰው፣ ሕክምናውም ወደ ተሻለውና በቀን ብዙ ጊዜ ወደሚወጋው ተለወጠለት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። መልእክት የደረሳቸው ልጆች በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት ጨምሯል፤ ሕክምናቸውንም ከቀድሞው በተሻለ እንደሚከታተሉ ተናግረዋል። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ስኳር ምርመራ ግን ሕክምናቸው ባልተለወጠው በሁለቱ ቡድኖች ላይ ፈቅ አላለም። የተሻሻለው መልእክቱም ሕክምናውም በደረሰው በሦስተኛው ቡድን ብቻ ነው።

ይህን ውጤት ባሌ ላይ አምጥተን እንየው። በመንግሥት ጤና ተቋሞቻችን የተለመደው ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ በሲሪንጅ የሚወሰድ ነው፤ መርፌው የምግቡን ሰዓት ያዛል፣ ልጁ ባይበላ ስኳሩ ይወርዳል። ስኳሩን በቀን አራት ጊዜ ይለካ ቢባል በወር 120 የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ያስፈልገዋል፤ 50 ፍሬ የያዘው አንዱ ካርቶን 12 ቀን ቆይቶ ያልቃል። ብዙ ቤተሰብ ይህን መግዛት ስለማይችል ልጁ የሚለካው ለቀጠሮ ሲመጣ ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ “ስኳርህን ለክተሃል? በርታ!” የሚል መልእክት በየማለዳው ቢላክለት ምን ይሰማዋል? የሌለውን ነገር በየቀኑ ማስታወስ ጭንቀቱን ያባብስበታል እንጂ አያቀልለትም። ስለዚህ ለአእምሮ ድጋፍ የሚያዝ ማንኛውም በጀት የስትሪፕ መስመር ካልተጻፈበት ሲጀመር የጎደለ ነው። ስትሪፕ ለጎረምሳ የአእምሮ ዕረፍቱ ነው፤ ስኳሩ ስንት እንደሆነ ያወቀ ልጅ ወርዶ ይጥለኛል እያለ መጠኑን አይቀንስም።

ስልኩ ራሱስ? ብዙ ገጠር ቤተሰብ ዘንድ ያለው ተራ ቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱም የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው። ኢንተርኔት ከተማ ውስጥ አለ፣ ነገር ግን የሚታመን አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በዚያ ሰሞን ነውጥ ከደረሰባቸው አካባቢዎች አንዱ ባሌ ነበር፤ ልጅ በጣም የሚፈራውና መድኃኒት ፍለጋ የሚያስቸግረው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ድጋፍ ከሁሉ በሚያስፈልግበት ቀን ይጠፋል ማለት ነው።

ለድምፅ አገልግሎት ግን የራሳችን ልምድ አለን። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው 8028 ገበሬው በተራ ስልኩ ደውሎ፣ ቁልፍ እየተጫነ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የተቀዳ ምክር የሚሰማበት ነው። በዚያው የምርት ዘመን ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመትቶ ነበርና ምክር በጊዜው መድረሱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለባሌ ገበሬ አይነገረውም። ከዚያም በፊት፣ ኤች አይ ቪ በሚያስጨንቅበት ዘመን፣ 952 ላይ በነጻ የሚደወልበት “ወገን” የተባለ የስልክ ምክር ነበር። ደዋዩ ስሙን ሳይናገር ሌላ ቦታ የማይጠይቀውን ይጠይቅ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ የሚያስፈልገን መንገድ ይታየኛል፤ እንደ 8028 በተራ ስልክ፣ በልጁ ቋንቋ የሚሰማ፣ እንደ ወገን ደግሞ ሰው የሚያነሳው መስመር። ለባሌ ልጅ ይህ ሰው አፋን ኦሮሞ የሚናገር መሆን አለበት፤ ጎባና ሮቤ ተወልደው በአማርኛ ያደጉም ስላሉ ሁለቱንም የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ጭንቀቱን በተማረው ቋንቋ የሚዘረዝር ጎረምሳ ብርቅ ነው፤ በእናቱ ቋንቋ ነው ሆዱ የሚባባው።

መስመሩን የሚያነሳው ሰው ደግሞ ልጁን የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ነርስና ሐኪም የሚሠለጥኑበት ቦታ እንዲህ ላለ ሥራ የሚመች ነው። በስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለስልክ ብትመደብ፣ ልጁ ሚስኮል አድርጎ እሷ መልሳ ብትደውልለት፣ ያንን ግማሽ መርፌ ታገኘዋለች። “ሲስተር፣ አንዳንዴ እቀንሰዋለሁ” ይላታል። ፊት ለፊት ያልወጣው ቃል በስልክ ይወጣል፤ ፊቷን አያይም፣ ካርዱም እጇ ላይ የለም። ያን ጊዜ የምትጠይቀው “ለምን?” ብላ በቁጣ አይሆንም፤ “ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወርድብህ? ያን ቀን ቁርስ በልተህ ነበር?” ብላ ነው። መልሱ ውሃ የመቅዳት ተራ ጋ ይደርሳል። ቀጥሎ ያለው ምክር ለሥነ ልቦናም ለሕክምናም አንድ ነው። ከጓደኞችህ መካከል ለአንዱ ብቻ ንገረው፤ ኪስህ ውስጥ ሁሌ ከረሜላ ይኑር፤ ከፈቀድክልኝ ለክፍል ኃላፊህ እኔ ደውዬ ላስረዳቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ሸክሙን ሁሉ ግን በልጁ ጀርባ ላይ ይጭናል። በተለይ ሴት ልጅ በሽታዋን ስትደብቅ ምክንያት አላት። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ “መውለድ አትችልም” ይባልባታል፤ ባሏ የሚሆነው ሰው ቤተሰብ ይሸሻል ብለው እናትና አባቷም ዝም እንድትል ያዝዟታል። ስኳሯ በአግባቡ የተያዘላት ሴት ክትትል እየተደረገላት ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በአፋን ኦሮሞ፣ ወልዳ ባሳደገች ስኳር ያለባት ሴት ድምፅ ቀድቶ ማሰማት በመዝናኛ ጨዋታ ከተሞላ ከማንኛውም መተግበሪያ ይልቅ ሥራ ይሠራል። አፍ አውጥታ ለመናገር የፈለገች ልጅ ግን የምትናገርበት ስልክ የወንድሟ ከሆነ መልእክቱን ማን ያነበዋል የሚለው አብሮ መታሰብ አለበት። ስለዚህ በጽሑፍ የሚላክ ነገር ስኳር የሚል ቃል እንኳ ሊኖርበት አይገባም፤ “ነገ ከሰዓት እደውላለሁ” ማለት ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ስለሚያስቀምጥ የልጆችን ስምና ቁጥር የሚሰበስብ ማንኛውም ፕሮጀክት ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ተጠያቂነት አለበት።

ጾም ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ መተግበሪያ ደግሞ ይህን አያውቀውም። የባሌ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ኦርቶዶክሱም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ረመዳን ሲገባ መላው ቤት ሌሊት ለሱሁር ይነሳል፣ ማታ አብሮ ያፈጥራል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የኦርቶዶክሱ ልጅ እናቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ያያል። ጎረምሳ መጾም የሚፈልገው እንደ ትልቅ ሰው ለመቆጠር ነው። የታመመ ሰው እንዳይጾም ሃይማኖቱ ራሱ ፈቃድ እንደሚሰጠው ቢነገረውም ከጓደኞቹ ተለይቶ ቀን መብላት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ተደብቆ ይጾማል፣ መርፌውንም በግምት ይቀንሳል። አንዳንዱ ይወድቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስኳሩ ከመጠን በላይ ወጥቶ፣ እያስመለሰውና በረጅሙ እየተነፈሰ፣ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ተብሎ ሌላ መድኃኒት ሲሰጠው ይውላል። ስለ ረመዳንና ስለ ስኳር ዓለም አቀፍ የሐኪሞች መመሪያ አለ፤ ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን በአብዛኛው እንዳይጾሙ ይመክራል፣ አልሰማ ካሉም በቅርብ ክትትል እንዲሆን ያሳስባል። ይህ ምክር የሚሰማው ግን ከሮቤ መስጊድ ኢማም ወይም ከጎባ የንስሐ አባት አፍ ሲወጣ ነው። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት የኢማሙ ድምፅ በመስመሩ ላይ ቢቀመጥ፣ በዚያው ሳምንት ነርሷ ለእያንዳንዱ ልጅ ብትደውል፣ ጭንቀቱም አደጋውም የሚበዛበት ወቅት ይቀልላል።

አሁን ደግሞ ቻትቦት የሚባለው መጥቷል። ማሽኑ ሌሊትም ይመልሳል፣ አይቆጣም፣ ደመወዝ አይጠይቅም። ልጆቻችን፣ ስማርት ስልክ ያላቸው፣ ቀድሞውንም እየጠየቁት ነው። የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የሚሰጠው ምክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የአመጋገብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀው ቴሳ የተባለ ቻትቦት ለታማሚዎቹ ክብደት መቀነሻ ምክር ሲሰጥ ተገኝቶ ተዘግቷል። በእኛ ገጠር በምግብ እጥረት ያደጉ ቀጫጭን ልጆች ላይ የሚታየውን የስኳር ዓይነት የጎንደር ሐኪሞች ለዓመታት ሲጽፉበት ቆይተዋል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ዓይነት አምስት ብሎ ተቀብሎታል። እንዲህ ላለው ልጅ “ዳቦ ተው፣ ክብደት ቀንስ” የሚል የውጭ ምክር ጉዳት ነው። ሁለተኛው መጥፋቱ ነው። በአእምሮ ድጋፍ ዘርፍ ስሙ የገነነው ዎቦት የተባለ ቻትቦት እ.ኤ.አ. በ2025 አገልግሎቱን አቁሟል። ልጅ ሚስጥሩን ያጫወተው ነገር አንድ ቀን እንደ ዋዛ ሲጠፋ ሁለተኛ ለማንም አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት በዮርዳኖስ ወጣቶች ላይ በሞከረው “ስታርስ” በተባለው ቻትቦት ውስጥ የሠለጠነ ረዳት በየጊዜው ስልክ እየደወለ ወጣቱን ይከታተላል፤ ማሽኑን ብቻውን አልተዉትም። አንድ ልጅ መኖር ሰለቸኝ ካለ የሚሰማው ሰው፣ በዚያው ቀን የሚወስደው ሰው መኖር አለበት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከስልኩ ጀርባ ያለውን እንመልከት። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ያደርሳል። ኢንሱሊን በረዶ ሲሠራም ከመጠን በላይ ሲሞቅም ይበላሻል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተው በጥላ ሥር፣ በቀዝቃዛ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በረዶ የሠራ ግን ይጣላል። ስለዚህ የዲንሾ ልጅ በውርጭ ሌሊት መድኃኒቱን ከግድግዳ አርቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር አለበት፤ የደሎ መናው ደግሞ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የተበላሸ ኢንሱሊን ሲወጋ የሰነበተ ልጅ ስኳሩ ሲወጣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያላክካል። ነርሷ በስልክ “መድኃኒቱን የት ነው የምታሳድረው?” ብላ ብትጠይቀው ለሳምንታት የተብሰለሰለበት ጥፋት የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል።

ጎንደርና ጅማ ላይ የተሠራው ሥራ ለዚህ መነሻ ይሆናል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውርደው በሠለጠኑ ነርሶች እንዲሰጥ አድርገዋል፤ ታማሚው ቀን ሙሉ ከመጓዝ ተገላግሏል። የአፍሪካ ጤና ሚኒስትሮችም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ሎሜ ላይ ዓይነት አንድ ስኳርን የመሳሰሉ ከባድ በሽታዎች በወረዳ ደረጃ ባሉ ሆስፒታሎች እንዲታከሙ የሚያደርገውን ፔን ፕላስ የተባለ ስልት ተቀብለዋል። የስልክ ድጋፉ በዚህ ላይ ሲታከል ቦታውን ያገኛል፤ ጎባ ያለችው ነርስ ለልጁ በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ደውላ “ነገ ይመጣል፣ ኢንሱሊን አስቀምጡለት” የምትልበት ሰው ይኖራታልና።

መቼ ይጀመር ከተባለ ሁለት ጊዜ ይታየኛል። አንዱ በሽታው በታወቀ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ቤተሰቡ ጠበልና ሐኪም ቤት እየተመላለሰ፣ ልጁ ድኛለሁ ብሎ መርፌውን ሊተው የሚችልበት ጊዜ። ሁለተኛው ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል የሚዛወርበት ነው። እስከዚያ በስሙ ትጠራው ከነበረችው ነርስ ተለይቶ፣ ከሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ፣ ስለማያውቀው የደም ግፊት ሲወራ ይሰማል። ብዙዎቹ ከክትትል የሚጠፉት በዚህ ዕድሜ ነው። ያቺው ነርስ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በስልክ ብትከተለው ስንቱ በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብ፣ ስንቱ ስኳሩ ወጥቶ ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል እንደሚገባ ተቆጥሮ ይታወቃል፤ ሥራው መለካት ያለበትም በእነዚህ ቁጥሮች ነው፣ መተግበሪያውን ስንት ሰው አወረደው በሚለው አይደለም።

ወጪው ብዙ አይደለም። አጭር ቁጥር፣ የነጻ ጥሪ ውል፣ በሁለት ቋንቋ የሚቀዳ ድምፅ፣ ስትሪፕ። የነርሷ ሁለት ከሰዓት ግን በሥራ ዝርዝሯ ላይ ካልተጻፈ ከሌላ በሽተኛ ሰዓት ላይ የሚሸረፍ ይሆናል፤ ሥራ በበዛ ሳምንት መጀመሪያ የሚቀረውም እሱ ነው። ስልኩን በአንድ ቀን መግዛት ይቻላል። ይህን ሰዓት ማስጻፍ የሆስፒታሉን አመራር፣ የዞኑን ጤና ጽሕፈት ቤትና የኦሮሚያ ጤና ቢሮን ፊርማ ይጠይቃል፤ ልጆቹ ቤት ተከራይተው ከተማ የሚገቡት መስከረም ላይ ስለሆነ ፊርማው ከነሐሴ በፊት ማለቅ አለበት።